በስድሳ ዓመት ዕድሜ ከኮምቦልቻ እስከ አዲስ አበባ በብስክሌት፦ ስድስት አብሮ አደጎች ምክር እንጠይቃለን

ጡረተኛው መምህር (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ለ36 ዓመታት ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ባለፈው ዓመት 60 ዓመት ሲሞላኝ በጡረታ የተሰናበትሁ ሰው ነኝ። ጥያቄው የእኔ ብቻ ሳይሆን የስድስት አብሮ አደጎች ስለሆነ፣ ነገሩን የሚያውቅ ሁሉ ሳይሰለች እንዲያነብልኝ አስቀድሜ እለምናለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ለቅሶ ቤት ነው። ልጆች ሳለን ሰባት ነበርን፤ የኮምቦልቻ ሜዳ ለጥ ያለ ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳንቲም አዋጥተን አንድ ብስክሌት እንከራይና፣ አንዱ ሲነዳ ሌላው ከኋላ እየሮጠ ተራውን ሲጠብቅ እንውል ነበር። በኋላ ሥራው፣ ትዳሩና ልጅ ማሳደጉ በየፊናው በተነን፤ የአንድ ከተማ ሰዎች ሆነን ሳለ የምንገናኘው ሰው ሲሞት ብቻ ሆነ። ባለፈው ጥር ሰባተኛችንን ቀብረን ስንመለስ ከመካከላችን አንዱ፣ «ከእንግዲህ የምንገናኘው በየተራ ለመቀባበር ከሆነ በጣም ያሳዝናል» አለ። በዚያው ሳምንት ሦስታችን ብስክሌት ገዛን፤ የቀሩትም ቀስ በቀስ ተከተሉን። የሁላችን ታናሽ 56፣ ታላቃችን 67 ዓመቱ ነው።

ሐሳባችን በመጪው ጥቅምት ከኮምቦልቻ ተነሥተን በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢትና በደብረ ብርሃን በኩል አዲስ አበባ ለመግባት ነው። መንገዱ 375 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በቀን 75 እየሄድን በአምስት ቀን እንጨርሰዋለን ብለናል። እስካሁን በሳምንት ሦስት ቀን ሜዳው ላይ 20 ኪሎ ሜትር ያህል እንነዳለን። በዚህ ዕድሜ ይህን ማሰብ ተገቢ ነው ወይ? ልምምዱስ ምን ያህል መሆን አለበት? ሴት ልጄ ነገሩን ከሰማች ጀምሮ፣ «አባዬ፣ እባክህ ቤትህ ተቀመጥ» እያለች ትጨነቃለች።

ከሁሉ በላይ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ባለፈው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደውን ዳገት፣ ሐረጎን፣ ለመውጣት ሞከርን። ታላቃችን ገና ከግርጌው ወደ ኋላ ቀረ። አምስታችን በየኩርባው ቆመን ጠበቅነው፤ እሱ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ ሲደርስ እኛ ዐርፈን ጨርሰናልና «በል እንሂድ» ብለን እንነሣለን። ይህ አራት ጊዜ ሆነ። በአምስተኛው ኩርባ ከብስክሌቱ ሳይወርድ አንድ እግሩን መሬት አስነክቶ ጥቂት አየንና፣ «እናንተ ሂዱ» ብሎ መሪውን አዙሮ ብቻውን ወረደ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ልምምድ አልመጣም፤ ስደውልለት ጉልበቱን እንዳመመው ይነግረኛል። እኔ ግን ያመመው ጉልበቱ እንዳልሆነ ዐውቃለሁ። አቅማቸው የተለያየ ሽማግሌዎች ሳይቀያየሙ እንዴት አብረው ሊጓዙ ይችላሉ?

የሐረጎ መንገደኛ (ደሴ)

መምህር፣ እንኳን ደኅና መጡ። እኔ 68 ዓመቴ ነው፤ ብስክሌት በ55 ዓመቴ ጀምሬ እስካሁን አልተውሁም፤ ከእኩዮቼም ጋር ከደሴ ወልድያ ያለውን 120 ኪሎ ሜትር ሁለት ጊዜ ተጉዘነዋል። ጥያቄዎን ከሚከብደው ጀምሬ ልመልስ።

ጓደኛዎን ያስቀየመው አጠባበቃችሁ ነው። እርስዎ የሒሳብ ሰው ስለሆኑ አስሉት፦ በእያንዳንዱ ኩርባ አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁት ከሆነ፣ በአራት ኩርባ ብርቱዎቹ ሃያ ደቂቃ ዐርፈዋል፤ ዕረፍት ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ግን አንዲት ደቂቃ አላረፈም። እኛም በመጀመሪያው የወልድያ ጉዟችን ይህንኑ ስሕተት ሠርተናል። ውጫሌ ላይ ፊተኞቹ ምሳቸውን በልተው እጃቸውን ሲታጠቡ ኋለኞቹ ገና መድረሳቸው ነበር፤ ማታ መርሳ ላይ ስናድር ማንም ከማንም ጋር አልተጫወተም። በሁለተኛው ጉዞ ሥርዓት አወጣን። ደካማው ሁልጊዜ ከመሪው ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ይሄዳል፤ መሪው የሚነዳው ሁለተኛው ሳይቆራረጥ ሊያወራ በሚችልበት ፍጥነት ነው፤ ከሁሉ የበረታው መጨረሻ ሆኖ ይጠብቃል። ስንቆም የዕረፍት ሰዓት የሚቆጠረው የመጨረሻው ሰው ውሃ መጠጣት ከጀመረ በኋላ ሲሆን፣ ከአሥር ደቂቃ በፊት ማንም አይነሣም። ደግሞም «በል እንሂድ» የሚለው ደካማው እንጂ ሌላ ሰው አይደለም።

ሜዳ ላይ ስትለማመዱ ይህ ልዩነት ለምን እንዳልታያችሁም ልንገርዎ። በሜዳ ላይ በፍጥነት ሲነዱ አብዛኛው ጉልበት የሚያልቀው አየርን በመግፋት ነው፤ ስለዚህ ከሌላው ጀርባ ተጠግቶ የሚነዳ ሰው ከድካሙ ሩብ ያህሉንና ከዚያም በላይ ይቆጥባል። ዳገት ላይ ግን ፍጥነቱ በሰዓት ስምንት ወይም ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ስለሆነ የሚገፋ አየር የለም፤ እያንዳንዱ የራሱን ክብደት ራሱ ይሸከማል። ታላቃችሁ በሜዳው ላይ በእናንተ ጥላ ሥር ሲሄድ ኖሮ ሐረጎ ላይ በድንገት ብቻውን ቀረ ማለት ነው። ይህንን ቢያስረዱት ይቀለዋል ብዬ አምናለሁ።

ልምምዱን በተመለከተ፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ 20 ኪሎ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። ከእንግዲህ ግን ከሦስቱ አንዱን ረጅም አድርጉትና በየሳምንቱ ከአንድ አሥረኛ ባልበለጠ ጨምሩበት፤ በየአራተኛው ሳምንት ደግሞ መለስ አድርጋችሁ ዕረፉ። ከስድሳ በኋላ ሰውነት መሥራቱን አይጠላም፤ ከሥራ በኋላ ለማገገም ግን የሚፈልገው ጊዜ ከወጣትነቱ ይበልጣል። ፈረንሳዊው ሮቤር ማርሻን እ.ኤ.አ. በ2012 በ100 ዓመቱ በአንድ ሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ከሩብ ነዳ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በ102 ዓመቱ ይህንኑ ወደ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ አሳደገው። ለመሻሻል አይረፍድም። ከጉዞው በፊት ሁለት ረጃጅም ጉዞዎችን በተከታታይ ቀናት ማድረግ አትርሱ፤ ምክንያቱም የብዙ ቀን ጉዞ የሚፈትነው በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን በሁለተኛው ቀን ጠዋት ኮርቻው ላይ ሲቀመጡ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በዝናቡ ምክንያት አስፋልቱ ስለሚያንሸራትት ደረጃ መውጣትና የእግር ጉዞ ይተኩት።

የመንገዱ አቅጣጫ ግን ፈጽሞ አላማረኝም። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ያህል ላይ ሲሆን ከደብረ ሲና በላይ ያለው የተራራ መተላለፊያ፣ ጣርማ በር፣ ከ3,100 ሜትር በላይ ነው። ሁለቱ የሚራራቁት ከ60 ኪሎ ሜትር በታች ነው። ሐረጎ የደከማችሁት ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ 650 ሜትር ያህል ከፍታ ስለሆነ፣ ያኛው ሐረጎን ሦስት ጊዜ አከታትሎ እንደ መውጣት ነው፤ እናንተም እዚያ የምትደርሱት በቆላው ፀሐይ ደክማችሁ በሦስተኛው ቀን ነው። እኔ ብሆን ብስክሌቶቹን በአይሱዙ ጭኜ ደብረ ብርሃን እወርድና ከዚያ ወደ ቤቴ እነዳለሁ። እስከ ኮምቦልቻ 245 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመጀመሪያው ቀን ደብረ ሲና፣ ሁለተኛው ሸዋ ሮቢት፣ ሦስተኛው አጣዬ፣ አራተኛው ከሚሴ፣ አምስተኛው ቤታችሁ ይሆናል። ከ60 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ቀን የለውም። ጣርማ በር ላይ ያለው ጣሊያን የሠራው ዋሻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነና ውስጡም ጨለማ ስለሆነ የፊትና የኋላ መብራት፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ከኋላም አጃቢ መኪና ሳይኖር አትግቡበት። መንገዱ ሰላም መሆኑንም በጉዞው ሳምንት በዚያ ከሚመላለሱ ሾፌሮች ሳትጠይቁ አትነሡ።

ነርሷ (ደሴ)

መምህር፣ የልጅዎ ጭንቀት ምክንያት አለው፤ መልስም አለው። ለብዙ ዓመታት የደም ግፊትና የስኳር ሕሙማንን ስከታተል የኖርሁ ነርስ እንደ መሆኔ ይህን ልጻፍልዎ።

እ.ኤ.አ. በ2018 የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 79 የሆኑ 125 ብስክሌት ነጂዎችን መርምረው የጡንቻቸው መጠንና ጥንካሬ ከዕድሜ ጋር እንዳልቀነሰ፣ የበሽታ መከላከያ አቅማቸውም ከእኩዮቻቸው እጅግ የተሻለ እንደ ሆነ አሳይተዋል። ደስ የሚል ውጤት ነው። ነገር ግን ሲጋራ የሚያጨሱ፣ መጠጥ የሚያበዙና የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ከመጀመሪያው በጥናቱ አልተካተቱም። ስለዚህ ስድስታችሁ ከየትኛው ወገን እንደ ሆናችሁ ሳታውቁ በዚያ ውጤት መጽናናት አይገባችሁም። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይምና ሁላችሁም፣ ጤነኛ ነኝ የሚለውም ጭምር፣ ግፊታችሁንና ስኳራችሁን ተለኩ፤ ሐኪም ልባችሁን ይመርምር። ግፊቱ 180 በ110 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በሕክምና እስኪስተካከል ድረስ ዳገት መውጣት የለበትም።

መድኃኒት የምትወስዱ ካላችሁ ስሙን ለቡድኑ ተናገሩ። እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉት የልብን ምት ስለሚገቱ፣ የልብ ምት በመቁጠር ድካምን መለካት ያሳስታል፤ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይተነፍሱ መናገር መቻል የተሻለ መለኪያ ነው። እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉት ሽንት የሚያበዙት ደግሞ በከሚሴ ሙቀት ላይ ሲጨመሩ ሰውነትን በፍጥነት ያደርቃሉ። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በጉዞው መካከል ብቻ ሳይሆን ማታ ከተኛ በኋላም ስኳሩ ሊወርድበት ስለሚችል፣ መጠኑን አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት፤ ከረሜላ ከኪሱ አይለየው፤ አብሮት የሚያድረውም ሰው ምልክቱን ይወቅ። ላብ ላብ ማለት፣ መንቀጥቀጥ፣ የንግግር መዛባት ነው።

አንድ ነገር ላይ አጥብቄ ልናገር። ዳገት ሲወጡ ደረትን ጨምድዶ የሚይዝ፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ስሜት ሲቆሙ ስለሚተው ብዙ ሰው ይንቀዋል። ሲቆሙ መተዉ ራሱ የልብ ሕመም ዋና ጠባይ ነው። እንዲህ የተሰማው ሰው ያን ቀን ወደ ብስክሌቱ አይመለስ። ጓደኞቹም ሲያዩት «ትንሽ ቀረን» አይበሉት።

ዕድሜ ሲጨምር የጥማት ስሜት ስለሚደክም ውሃ እስኪጠማችሁ አትጠብቁ፤ በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ሊትር በጥቂት በጥቂቱ ጠጡ። ለቆላው መንገድ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ያዙ። ብስክሌት ለልብና ለጉልበት መልካም ቢሆንም፣ የሰውነት ክብደት ኮርቻው ላይ ስለሚያርፍ አጥንትን አያጠነክርም፤ ስለዚህ የእግር ጉዞውን ለክረምት ብቻ አታድርጉት።

ብስክሌት ጠጋኙ (ኮምቦልቻ)

አባቶቼ፣ ሰላም ዋሉ። ከጋሼ የሐረጎ መንገደኛ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም፤ በአክብሮት ልናገር። ዳገቱን ከባድ ብለው ቁልቁለቱን መረጡላችሁ። ዳገት ሰውን ያደክማል እንጂ አይጥለውም። እኔ ዘንድ ተሰብሮ የሚመጣው ብስክሌት ሁሉ ማለት ይቻላል የተሰበረው ቁልቁለት ላይ ነው። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት መንገዱ ወደ 1,900 ሜትር ይወርዳል፤ እጁ የዛለ ሰው ያን ሁሉ መንገድ ፍሬን ጨብጦ መውረድ ይከብደዋል።

ቸርኬውን ቆንጥጦ የሚይዘው የተለመደው ፍሬን ሰበቃው ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛዬ ሐረጎን ፍሬኑን ሳይለቅ ወርዶ በቀጥታ ወደ ሱቄ መጣ። የጎማው ላስቲክ የተቃጠለ ይሸት ነበር፤ በእጄ ያለውን እርጥብ ጨርቅ በቸርኬው ላይ ብጨምቀው ጠብታው ቸስ ብሎ ጠፋ። ቸርኬው እንደዚያ ሲግል የውስጥ ጎማው ሊፈነዳ ይችላል፤ የፊተኛው ከሆነ ደግሞ ሰውየው ይወድቃል። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን የምትነሡ ከሆነ የሚቻላችሁ የዲስክ ፍሬን ያለው ብስክሌት ያዙ። ያልቻላችሁ ፍሬኑን ያለማቋረጥ አትጨብጡ፤ ከኩርባው በፊት ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙና ልቀቁ፤ የፊቱንና የኋላውን አፈራርቁ፤ በየሁለት ኪሎ ሜትሩ ቁሙና ቸርኬውን ሳትነኩ እጃችሁን አስጠግታችሁ ሙቀቱን እዩ። የፍሬኑ ላስቲክና ሽቦው አዲስ ይሁን። በሰውና በሰው መካከል ቢያንስ አምስት የብስክሌት ርዝመት ይኑር።

ዳገቱን በተመለከተ ችግሩ ብዙ ጊዜ ማርሹ ነው። ማርሽ በሌለው ከባድ ብስክሌት ላይ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላ ጎማው ከሁለት ዙር በላይ ስለሚዞር፣ ዳገት ላይ ጉልበትን ይቀጠቅጣል። የፊቱ ትንሹ ባለ 28 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ ባለ 34 ጥርስ ቢሆን ግን ጎማው አንድ ዙር እንኳ አይሞላም፤ ሰውየው በዝግታ ይሄዳል፣ እግሩ ግን ቀለል ብሎ ይዞራል። መምህር፣ የታላቃችሁን ብስክሌት ጥርስ ቆጥረው ያውቃሉ? ኮርቻውንም እዩት። ተቀምጦ ተረከዙን ታች በወረደው ፔዳል ላይ ሲያሳርፍ እግሩ ቀጥ ማለት አለበት፤ ከዚያ በፊተኛው የእግሩ ክፍል ሲነዳ ጉልበቱ በትንሹ ይታጠፋል። ኮርቻው ዝቅ ያለ ከሆነ በእውነትም ጉልበቱን ሊያመው ይችላል።

ለመንገድ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት የውስጥ ጎማ፣ ለሁላችሁ ማስቲሽና መለጠፊያ፣ ሁለት መንፊያ፣ የካቴና መፍቻና ትርፍ ዘለበት ያስፈልጋችኋል። ስድስቱም ብስክሌት አንድ ዓይነት የጎማ ልክ ቢኖረው ብዙ ሸክም ይቀልላችኋል።

የሐረጎ መንገደኛ (ደሴ)

ልጄ፣ ተቀብያለሁ። እኔ የዲስክ ፍሬን ከገዛሁ ብዙ ዓመት ስለሆነኝ የሌላውን ሰው እጅ ዘንግቼዋለሁ። ሆኖም አቅጣጫውን አልለውጥም፤ ይልቁንም ሁለተኛውን ቀን፣ ከደብረ ሲና እስከ ሸዋ ሮቢት ያለውን 35 ኪሎ ሜትር፣ ለቁልቁለት ብቻ ይስጡት። ጠዋት ጉሙ ከገለጠና አስፋልቱ ከደረቀ በኋላ ይነሡ፤ እጁ የዛለበት ሰው መኪናው ላይ ይውጣ፤ ይህም አስቀድሞ በስምምነት ይታወቅ፣ ኋላ ማንም እንዳያፍር።

ከሸዋ በር (ደሴ)

ወንድሜ መምህር፣ እኔ 58 ዓመቴ ነው፤ ብስክሌት የጀመርሁት ልጆቼን ድሬ ከጨረስሁ በኋላ ነው። ሴት፣ ያውም አያት፣ በደሴ ዳገት ላይ ብስክሌት ስትነዳ ምን እንደምትባል ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም፤ ስለ ልጅዎ ግን የማውቀውን ልንገርዎ።

ትልቁ ልጄ እንደ ልጅዎ ይከለክለኝ ነበር። ብከራከረው አልሰማ ስላለኝ አንድ ቅዳሜ መኪናውን ይዞ ሐይቅ ድረስ ከኋላዬ እንዲከተለኝ ለመንሁት። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመንገድ ላይ አራት ጊዜ ቆምሁ፤ አራቱንም ጊዜ ውሃ ስጠጣ፣ ስቀመጥና እንደገና ስነሣ አየ። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ምንም አላለኝም፤ ጫማዬን ፈትቶ እግሬን በውሃ አጠበልኝ። ከዚያ ወዲህ ጎማዬን የሚነፋልኝ እሱ ነው። ልጅዎንም አጃቢ መኪናው ውስጥ ያስቀምጧት፤ ስንቁንም ስልኩንም እሷ ትያዝ። ቤት ሆና ከምትጨነቅ እዚያ ሆና ታግዝዎ። ብስክሌት የልጅ ጨዋታ ነው የሚል ሰው ካለ ደግሞ፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ኦሊምፒክ ስትካፈል ከሯጮቹ ጋር እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት እንደ ተወዳደሩ ይንገሩት።

ስንቅ ስትይዙ ከከተማ የሚገዛውን ጣፋጭ ተዉትና በሶ ያዙ። በማር ተለውሶ በትንንሹ ተድቦልቡሎ ሲያዝ ሙቀት አያበላሸውም፤ ሆድም አይከብድም። በየሰዓቱ አንድ ሁለት እየጎረሱ መሄድ ምሳ ላይ ጠግቦ ከመተኛት በእጅጉ ይሻላል። የምትጾሙ ካላችሁ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ከዚያ በፊት ጨርሱ፤ ረቡዕና ዓርብም የትኛው ቀን ላይ እንደሚውሉ ቆጥራችሁ፣ አጭሩን መንገድ ለጾሙ ቀን ስጡት። ከአጣዬ እስከ ከሚሴ ባለው ሞቃት መንገድም ሆነ ጨፋ ላይ የከብት መንጋ አስፋልቱን ይሞላዋልና ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት እለፉት፤ በሬ ሲያቋርጥ ደወል አትደውሉ፣ ወርዳችሁ ጠብቁት።

ጡረተኛው መምህር (ኮምቦልቻ)

አብሽሩ፣ ምክራችሁ ሁሉ ደርሶኛል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመለስም የምናገረው አለኝ።

መጀመሪያ ወደ ታላቃችን ቤት ሄድሁ። ቡና እስኪፈላ ስለ ሌላ ስናወራ ቆየንና የደቂቃዎቹን ስሌት በወረቀት ጽፌ አሳየሁት። ብዙ አየውና፣ «እኔስ መቅረቴ አይደለም፤ ስደርስ የሁላችሁ ፊት ወደ እኔ ዞሮ መጠበቁ ነው የከበደኝ» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያ አብረን ወደ ግቢው ወጥተን የብስክሌቱን ጥርስ ቆጠርን፤ የኋላው ትልቁ 24 ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ኮርቻውም በአራት ጣት ያህል ዝቅ ያለ ነበር። ለካ ጉልበቱም በእውነት ያመው ነበር። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ሰበብ ነው ብዬ አለማመኔ አሁንም ይከነክነኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ሐረጎን እንደገና ሞከርነው። እሱ ሁለተኛ ሆነ፤ የእኛ ብርቱ፣ ታናሻችን፣ ከኋላ ዘጋ። ከመነሻችን ደሴ ፒያሳ ድረስ ዕረፍቱን ጨምሮ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ፈጀብን፤ ስድስታችንም በአንድ ላይ ገባን። ሲመለሱ አራቱ ብስክሌታቸውን በመኪና ጭነው ወረዱ፤ ሁለታችን በየሁለት ኪሎ ሜትሩ እየቆምን ነዳን።

ሁለተኛው ነገር የምርመራው ነው። ስድስታችንም ተለካን። ሁላችንም ስንሰጋ የነበረው ለታላቃችን ነበር፤ የእሱ 128 በ80 ሆነ። ከፍ ብሎ የተገኘው የእኔ ነው፤ በሦስት የተለያዩ ቀናት ተለክቼ 164 በ98፣ 160 በ96 እና 166 በ100 ሆነ። ምንም ምልክት አልነበረኝም። ሐኪሙ አምሎዲፒን አዘዘልኝ፤ ጨው እንድቀንስ፣ በሜዳ ላይ በዝግታ መንዳቴን እንድቀጥል፣ ዳገቱን ግን እስከሚቀጥለው ቀጠሮ እንድተው ነገረኝ። ቅዳሜ ሐረጎን የወጣሁት ከዚህ በፊት መሆኑን ነርሷ እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ፤ ከእንግዲህ ትእዛዙን አክባሪ ነኝ። ልጄ ይህን ስትሰማ ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን፣ «ብስክሌቱን ባትገዛ ኖሮ መቼ ትለካ ነበር?» አለችኝ። አጃቢ መኪናውን ለመንዳት ተስማምታለች።

ስለዚህ ዕቅዳችን እንዲህ ሆኗል። ከመስቀል በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከደሴ ሐይቅ ደርሰን እዚያው አድረን በማግሥቱ እንመለሳለን። ግፊቴ ከተስተካከለ በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት ከደብረ ብርሃን እንነሣለን፤ ካልተስተካከለ አምስቱ ይነዳሉ፣ እኔ ከልጄ ጎን መኪናው ውስጥ ተቀምጬ በሶውን አቀብላለሁ። ጓደኞቼ በዚህ አልተስማሙም፤ ጉዞውን ወደ ሌላ ጊዜ እናስተላልፈው ይላሉ፤ ገና እየተነጋገርንበት ነው።

ብስክሌት ጠጋኙ ልጄ፣ ሐሙስ ጠዋት ስድስቱንም ብስክሌቶች ይዘን እንመጣለን። የታላቃችንን የኋላ ጥርስ ወደ 34 መቀየር ይቻል እንደ ሆነ፣ ካቴናውም አብሮ መርዘም እንዳለበት ቀድመህ ብታይልን ደስ ይለናል።